ከራሱ ነው

«እዚች ጋ ያዝ አድርጊልኝ፤ ትናንት ላልቶ ነው እጁን ያወጣው» አለ አባትየው። የሚያስረው ጭነት አልነበረም፤ የሃያ አራት ዓመት ልጁን ነበር። ልጁ መደገፊያ ባላት የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሁለት እጆቹን ወደ ኋላ አዙሮ ሰጥቷል፤ ልብስ ሊለካ እንደመጣ ደንበኛ ፀጥ ብሎ። እኅቱ ለሥራ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ትከሻዋ ላይ እንዳንጠለጠለች የቀበቶውን ጫፍ ያዝ አደረገችለት። አባትየው ሳበ፤ ዘለበቱ ሦስተኛው ቀዳዳ ላይ ገባ፤ የልጁ ትከሻ ወደ ኋላ ተቆለመመ። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ብርጭቆ ሻይ ነበር፤ ሁለቱ ተጠጥተው አልቀዋል፣ ሦስተኛው በርዷል። «አጠጪውና ሂጂ፤ እኔ እጄን ልታጠብ» ብሎ አባትየው ወደ ግቢው ወጣ። እሷም ብርጭቆውን አንሥታ ወንድሟን እንደ ሕፃን አጠጣችው። አገጩ ላይ የፈሰሰችውን በመዳፏ ጠረገችለት። ሰዓቷን አየች፤ ረፍዶባታል።

የሚታሰረው እንዳያክ ነው። ክርኑ፣ ጉልበቱ፣ ወገቡና የራስ ቅሉ ላይ ቀይ መደብ የመሰለ ነገር ወጥቶበታል፤ በቀዩ ላይ ነጭ ቅርፊት ይሠራና ይረግፋል፣ ረግፎ ሳያልቅ ሌላው ይተካል። ሲያሳክከው ደግሞ ሰው ፊት አይል፣ ገበታ ላይ አይል፣ ደም እስኪያወጣ ያካል። ዓመታት ሙሉ ማንም ሳያውቅበት የኖረው በሥራው ምክንያት ነበር። ዳቦ ቤት ሊጥ አቡኪ ነበር፤ ዳቦ ቤት ውስጥ ደግሞ ነጭ ያልሆነ ሰው የለም። ሁሉም ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ነው፤ የአንድ ሰው ክርን ላይ ያለውን ነጭ ማን ይጠረጥራል? በመጨረሻ የጠረጠረው ባለቤቱ ነው። አንድ ጠዋት እጅጌውን ሰብስቦ ሲያቦካ አየውና፣ «እስከ ዛሬ እኔ የትኛውን ዱቄት ነው ሰው ሳበላ የኖርኩት?» ብሎ አፈጠጠበት፤ በሊጥ መዳመጫው ጀርባውን ሁለቴ አቀመሰው፤ ሦስተኛውን ደግሞ በኋላ በር እያስወጣው ጨመረለት። አብረውት ያቦኩ የነበሩት ሳቁ። ከዚያ ወዲህ በሰፈር ስሙ «ዱቄቱ» ሆኖ ቀረ፤ ሲያልፍ «እፍ» የሚሉበትም አሉ።

አባትየው ዕድሜውን ሙሉ የውኃ ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ከቤት ቤት እየዞረ የሰው ቆጣሪ ሲያነብ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ የራሱን ቆጣሪ እንቅልፍ ነሳት። ተነሥቶ ይታጠባል፤ በር ነክቶ ይታጠባል፤ ሬዲዮ ከፍቶ ይታጠባል፤ ሳሙናውን ስለነካ ደግሞ ሳሙናውን ያጥብና እንደገና እጁን ይታጠባል። የእጁ ቆዳ ተሰነጣጥቋል፤ በየስንጥቁ ደም አለ። ለዚህ ግን ቤቱ ስም አውጥቶለታል፤ «አባባ ንጽሕና ይወዳሉ» ይባላል። ልጅ ሲደማ በሽተኛ፣ አባት ሲደማ ንጹሕ፤ ይህን የመሰለ ፍርድ የሚሰጠው ቤት ውስጥ ብቻ ነው። ደም ያረፈበትን አንሶላ እሑድ እሑድ የምትዘፈዝፈው እኅትየዋ ናት፤ ዘፍዝፋ፣ አጥባ፣ ተኩሳ ትመልሳለች፤ አንድም ቀን ምንድን ነው ይኼ ብላ ጠይቃ አታውቅም።

ቀበቶውን ቤት ያመጣው ማን እንደሆነ እሷ ብቻ ነበረች የምታውቀው፤ ያመጣችው ራሷ ናትና፤ በእጇ ሳይሆን በአፏ። ከሦስት ሳምንት በፊት ወንድሟን የቆዳ ሐኪም ዘንድ የወሰደችው እሷ ነበረች። ሐኪሟ ልጁን እያየች የምትጠይቀው እኅትየዋን ነበር፤ መቼ ጀመረው፣ ምን ይበላል፣ እንቅልፍ ይተኛል ወይ። እሷም ስለ እሱ ስትመልስ እሱ ግድግዳው ላይ ያለውን የቆዳ ሥዕል ያያል። በኋላ ሐኪሟ እንዲህ አለቻት፤ «ሶሪያሲስ ይባላል። ተባይ አይደለም፤ ከሰው አልያዘውም፣ ወደ ሰውም አይሄድም። የገዛ ሰውነቱ ነው ራሱን የሚያጠቃው። ጭንቀት ሲያገኘው ደግሞ ይብስበታል፤ ቤት ውስጥ የሚያስጨንቀው ነገር ካለ ቀንሱለት።» ቤት ሲደርሱ አባትየው በሳሙና አረፋ እንደተሞላ እጁን ከቧንቧው ሳያነሣ፣ «ምን አሉ?» አላት። «ሶሪያሲስ ነው አሉ» አለች። «ሶሪያ? ይኼ የሰፈሩን መውጫ በቅጡ የማያውቅ ልጅ ሶሪያ በየት በኩል ደርሶ ነው?» አለ። ማንም አልሳቀም፤ አባትየውም አልቀለደም። «ከምን መጣ ነው የሚሉት ታዲያ?»

ያን ጊዜ አፏ ላይ አራት ዓረፍተ ነገር ነበራት። ከአራቱ አንዱ «ጭንቀት» የሚል አለበት። ጭንቀት ብትል አባቷ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ ታውቃለች፤ «ማነው የሚያስጨንቀው?» ይላል። ለዚያ ጥያቄ ደግሞ በዚያ ቤት ውስጥ አጭር መልስ የለም። እግሯም ደክሟት ነበር። ስለዚህ አራቱን ጠቅልላ በሁለት ቃል አወጣቻቸው፤ «ከራሱ ነው አሉ።» አልዋሸችም እኮ፤ ያለችው ተብሏል። አባትየው ግን እጁን ከውኃው ውስጥ ቀስ ብሎ አወጣና ልጁን ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «ለካስ ራሱ ነው! በገዛ እጁ ነው ሲቦጫጭር የኖረው! አየሽ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር።» ከዚያች ሰዓት ጀምሮ በዚያ ቤት ጥፋተኛው የልጁ እጅ ሆነ። መጀመሪያ በማስመሪያ ይመታ ነበር። ባለፈው ሳምንት ጣቶቹን መሳቢያ ውስጥ አስገብቶ ዘጋበት፤ ሁለት ጥፍሮቹ እስካሁን ጥቁር ናቸው። ቀጥሎ ቀበቶው መጣ። እሷም ብትሆን እራት ላይ ሲያክ ስታየው፣ አባቷ ሳያይ ልቅደምለት እያለች በማንኪያ ጀርባ ጣቱን ቸብ ታደርገዋለች፤ የሷ ግን ለእሱ ብላ ነው፤ መምታት አይባልም። በየጠዋቱ ዛሬ እነግራቸዋለሁ ትልና በየማታው ነገ ትላለች።

የምትሠራው ላውንደሪ ውስጥ ነው፤ ተኳሽ ናት። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ካውያ ይዛ ትቆማለች፤ ሸሚዝ፣ አንሶላ፣ የሙሽራ ቀሚስ፣ የሟች ሱፍ፣ ሁሉም በእጇ ያልፋል። ከአንገትጌው ብቻ ሰውዬው ላብ በላብ የሚሆን ይሁን፣ ሚስቱ ጥላው የሄደች ይሁን፣ ለይቼ አውቃለሁ ትላለች። ያን ጠዋት ግን ምንም አልለየችም። ትልቁ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ሦስት ቀን ሲያጓራ ሰንብቶ በመጨረሻ የአንድ እንግዳ ማረፊያን አንሶላ በሙሉ ቀዳዶ ስለተፋ መካኒክ ተጠርቶ ነበር። መካኒኩ ሆዱን ከፍቶ፣ ግማሽ አካሉን ውስጥ ከትቶ፣ ድምፁ ከማሽኑ የሚወጣ እየመሰለ፣ «መብራቱ ደኅና ነው፤ ውኃውም ደኅና ነው። ችግሩ ከራሱ ነው» አለ። የላውንደሪው ባለቤት ሽቅርቅር ያለች ሴት ናት፤ ወገቧን ይዛ፣ «ምን አጥፍቶ?» አለችው። «ምንም አላጠፋም፤ ምን ያጠፋል? ውስጡ ያለው ጎማ እየዞረ ራሱን በራሱ ይበላል፤ ሥሪቱ ነው። ጫና ሲበዛበት ደግሞ ይብስበታል። ጫናውን ቀነስ ያድርጉለት» አላት። ሴትየዋም ማሽኑን ጎኑን መታ መታ አደረገችው፤ በርታ እንደማለት። «አንቺ፣ ካውያሽን!» አለች ከጎን ያለችው አጣቢ። ሸሚዙ ላይ የካውያው ቅርጽ ቡኒ ሆኖ ወጥቷል። ተኳሿ ካውያውን አነሣች፤ ግን ሸሚዙን አላየችውም። ማሽኑን ማንም በቀበቶ አላሰረውም ብላ ታስብ ነበር።

«ምን ነካሽ ዛሬ?» አለቻት አጣቢዋ፤ እጇን ሽርጧ ላይ እያደረቀች። «አንድ ቃል ተሳሳትኩ» አለች ተኳሿ። «ለማን?» «ለአባባ።» አጣቢዋ ከንፈሯን መጠጠች፤ «ለአባት የተነገረን ቃል ማረም ከባድ ነው፤ በጽሑፍ ካልሆነ» አለች። በቀልድ ይሁን በምር አልለየም፤ ተኳሿ ግን ያዘችው። አባቷ ወረቀት ያምናል። ዕድሜውን ሙሉ ወረቀት ላይ ቁጥር ሲጽፍ የኖረ፣ ማህተም ያለበትን ነገር ቆሞ የሚያነብ ሰው ነው። ወረቀት ቢመጣ፣ «ተሳስቼ ነው» ማለት አያስፈልጋትም፤ ወረቀቱ ራሱ ይናገርላታል። ለላውንደሪው ባለቤት ሆዴን አሞኛል ብላ፣ የተቃጠለውን ሸሚዝ ከሌሎቹ ሥር ሸጉጣ ወጣች።

ሰባት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ጭር ብሎ ነበር። ሐኪሟ ጠረጴዛዋ ላይ ዳቦ እየቆረሰች ትበላለች፤ ስታያት አወቀቻት። «ልጁስ?» «ደኅና ነው። ዶክተር፣ ያን ጊዜ ያሉኝን ነገር በወረቀት እንዲጽፉልኝ ነው። ለአባታችን።» ሐኪሟ እጇን ጠርጋ ብዕር አነሣች፤ መጻፍ ግን አልጀመረችም። መቼ እንደጀመረው እንደገና ጠየቀቻት፤ ያን ቀን አልነገርሽኝም አለቻት። እኅትየዋ አሰበች። እናታቸው የሞተች ሳምንት ነበር፣ ከአምስት ዓመት በፊት፤ ከቀብር መልስ ክርኑን ሲያክ አይታዋለች። «ሲወርድ ሲዋረድ በቤተሰብ የሚመጣ ነገር ውስጡ ይኖራል» አለች ሐኪሟ፤ «ተቀምጦ ይጠብቃል። ኀዘን፣ ፍርሃት፣ አንድ ነገር ሲነካው ይነሣል። ደምና ሐሳብ የተለያየ ቤት ውስጥ አይኖሩም። ከቤተሰብ ሌላ ሰው ቆዳው የሚቆስል አለ?» «የለም» አለች። ሐኪሟ ዓይኗን ሳትነቅል አየቻት። «አባታችን እጃቸው ይሰነጠቃል፤ እሱ ግን በሽታ አይደለም፤ ንጽሕና ስለሚወዱ ነው። ቀኑን ሙሉ ይታጠባሉ።» «መቼ ጀመራቸው?» አለች ሐኪሟ። ያቺው ሳምንት ነበረች። እናትየዋን አጥበው ከፍነው ከወጡ በኋላ አባቷ ያን ቀን እስኪመሽ ከቧንቧው ሥር አልተነሣም። አምስት ዓመት ሙሉ ሁለቱን ነገር ጎን ለጎን አስቀምጣ አስባቸው አታውቅም። «እሳቸውንም አምጫቸው» አለች ሐኪሟ፤ «የእሳቸውን የሚያይ ሌላ ሐኪም አለን። አንቺስ? አንቺ ላይ ምን ወጣ?» «እኔ ላይ ምንም አልወጣም» አለች።

ሐኪሟ መጻፍ ጀመረች። እኅትየዋ ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ አለች። «ዶክተር፣ ‹መታሰርና መመታት የለበትም› የሚልም ይጨምሩበት።» ብዕሩ ቆመ። «ማነው የሚያስረው?» አለች ሐኪሟ። ለመናገር ጫፍ ላይ ደርሳ ነበር፤ ክፍሉ ፀጥ ያለ ነው፤ በሩ ዝግ ነው፤ የሚሰማት ሴት ናት። ግን የቤቷ ገመና ታያት፤ ፖሊስ ታያት፤ አባቷ በዚያ የተሰነጣጠቀ እጁ ካቴና ገብቶበት ታያት። «ማንም» አለች፤ «ለጥንቃቄ ያህል ብዬ ነው።» «የሚያስረው ከሌለ አይታሰር ብዬ ምን ያስጽፈኛል?» አለች ሐኪሟ፤ ትክክል ናት። ወረቀቱ ላይ በሽታው እንደማይተላለፍ፣ ከገዛ ሰውነቱ እንደሚመነጭና ጭንቀት እንደሚያባብሰው ተጻፈ፤ ማህተም አረፈበት። እኅትየዋ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። መንገዱን ሙሉ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ ይዛ ስትሄድ ቀለል ብሏት ነበር፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይኼ ጉዳይ ያልቃል ትላለች በሆዷ።

የግቢውን በር ስትገፋ መጀመሪያ የሰማችው ቧንቧውን ነበር፤ ይኼ አዲስ አይደለም። ከቧንቧው በላይ ግን የወለል ብሩሽ ሲፈትግ ይሰማል። ወንድሟ በሲሚንቶው የልብስ ማጠቢያ ገንዳ ሥር ተንበርክኳል፤ እጆቹ እንደ ጠዋቱ ወደ ኋላ ታስረዋል፤ ሸሚዙ ከላዩ ተቀድዶ አጠገቡ ወድቋል። አባትየው ፀጉሩን በአንድ እጁ ጨምድዶ በሌላው ብሩሽ ይዞ የራስ ቅሉን ይፈትገዋል። ገንዳው ጠርዝ ላይ ክዳኑ የተከፈተ የበረኪና ጀሪካን አለ። ሽታው በር ላይ ሆና ዓይኗን አቃጠላት። ወደ መሬት የሚፈሰው አረፋ ሮዝ ነበር። ከላይ ካለው ፎቅ አንዲት ጎረቤት በመስኮት ስታይ ቆይታ መጋረጃዋን ሳበች። አባትየው ልጅቱን ሲያያት አልደነገጠም፤ እንዲያውም ደስ አለው፤ መላ ያገኘ ሰው ፊት ነበረው። «ነይ፣ ነይ። ከራሱ ነው አላልሽኝም? እኔ ሞኙ ሦስት ሳምንት እጁን ስቀጣ ከረምኩ። እጁ ምን አደረገ? ዛሬ ተቀምጬ ሳስበው ገባኝ። ከራሱ ከሆነ መታጠብ ያለበት ራሱ ነው። ከላይ ነው ወደ ታች የሚወርደው።» ይህን ብሎ ጀሪካኑን አንሥቶ በልጁ አናት ላይ ደፋው።

ወንድሟ ጮኸ። ሲመታ ጮሆ አያውቅም፤ በመዳመጫ ሲመቱት አልጮኸም፤ ጣቶቹ ሲጨፈለቁ አልጮኸም። ይኼኛው ጩኸት የሰው አይመስልም ነበር። በረኪናው በተፋቀው ቆዳው ላይ ገብቶ፣ በግንባሩ ወርዶ ዓይኑ ውስጥ ፈሰሰ። እሷ ወረቀቱን ከቦርሳዋ አውጥታ ሮጠች፤ እንደ ቂል፣ እሳት የሚነድበት ቤት ፊት ደብዳቤ ይዛ እንደሚቆም ሰው። «አባባ ይተዉት፣ ወረቀት አምጥቻለሁ፤ የሐኪም ነው፤ ማህተም አለው።» ማህተም የሚለው ቃል አቆመው። ፀጉሩን ሳይለቅ ወረቀቱን በእርጥብ እጁ ተቀበለና ከዓይኑ ራቅ አድርጎ ያነብ ጀመር፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ቆጣሪ እንደሚያነብ። በረኪናው የነካው ቀለም ከጣቱ ሥር እየነጣ ይሄዳል። «‹...ከገዛ ሰውነቱ የሚመነጭ›፤ ይኸው! ‹...ጭንቀት ያባብሰዋል›።» ቆመ። እንደገና አነበበው። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ የሸሸችው ጥያቄ መጣ፤ በለዘበ ድምፅ ነው የመጣው። «ማነው የሚያስጨንቀው?»

«እርስዎ ነዎት» አለች።

ብሩሹ አፏ ላይ ሲያርፍ አላየችውም። ጀርባዋ ከግቢው ግንብ ጋር ሲጋጭ ነው የታወቃት፤ ከንፈሯ ተሰንጥቆ ጥርሷ ላይ ደም ጨው ጨው አላት። «እኔ? እኔ ነኝ? እናቱን ስድስት ወር ያጠብኩ እኔ፣ እሱን ያሳደግኩ እኔ?» ይላል አባትየው፤ እያለም «እኔ» ባለ ቁጥር የልጁን ራስ ከቧንቧው ብረት ጋር ያጋጫል። እኔ፣ ጓ። እኔ፣ ጓ። ልጁ መጮኹን ትቶ ነበር። እሷ የምትይዘው ነገር ፈለገች፤ ድንጋይ፣ እንጨት፣ ምንም የለም፤ ንጹሕ ግቢ ነው፣ ጠጠር እንኳ ተጠርጎበታል። ዘልላ ወንድሟን የጨመደደውን እጅ ያዘችና ነከሰችው። የተሰነጣጠቀው ቆዳ በጥርሷ መሀል ተቀደደ፤ ሳሙና፣ ሳሙና አላት። አጥንት እስኪያቆማት ድረስ ነከሰች። አባትየው ለቀቀ። ሁለታችንንም ይገድለናል ብላ ወንድሟን በሰውነቷ ሸፍና ዓይኗን ጨፈነች። ምንም አልመጣም። ዓይኗን ስትገልጥ አባትየው እጁን እያየ ነበር። ልጁን አያይም፣ እሷን አያይም፤ የሰው ምራቅ የነካውን እጁን ነው የሚያየው። ፊቱ የሕፃን ፊት ሆኗል። ቧንቧውን ይበልጥ ከፈተና ሳሙናውን አነሣ። ቀበቶውን ስትፈታ፣ ወንድሟን ብብቱን ይዛ ስታነሣ፣ በሸሚዙ ራሱን ስትሸፍንለት፣ እሱ ይታጠብ ነበር። በሩን ወጥተው ሲዘጉም የቧንቧው ድምፅ አልቆመም።

ታክሲ አልጫናቸውም። አንዱ ቆሞ መስኮቱን ዝቅ አደረገና ወንድሟን ሲያይ መልሶ ዘጋው። እየመራችው ሄዱ፤ ዓይኑን መግለጥ አልቻለም፤ እግሩ ከጠርዝ ጋር ሲጋጭ ክንዷን ያጠብቃል። ሰው መንገድ ይለቅላቸዋል። አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጅ ላይ ቧንቧ አግኝታ ዓይኑን አጠበችለት፤ ውኃው ሲነካው ተንቀጠቀጠ። «ይቅር በለኝ» አለችው። አልመለሰላትም። ምናልባት አልሰማኝም አለች፤ ጆሮው ውስጥም ደም ነበር። «ሁሉንም እነግራቸዋለሁ፤ ዛሬ ሁሉንም» አለችው።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐኪሟ ነጭ ጋዋኗን አውልቃ ልትወጣ ስትል ደረሱ። መልሳ ለበሰችው። ውኃ በዓይኑ ላይ ይንቆረቆራል፤ መቀስ ይንኳኳል፤ አናቱ ላይ ሰባት ቦታ ተሰፋ። እኅትየዋ ጥግ ላይ ከንፈሯን በጨርቅ ይዛ ቆማለች። ሐኪሟ ጓንቷን አውልቃ ተቀመጠችና እንደ ልማዷ ወደ እኅትየዋ ዞረች። «ማነው እንዲህ ያደረገው?» በዚህ ጊዜ እኅትየዋ አልተንተባተበችም። «አባታችን ናቸው። ቀን ዋሽቼዎታለሁ፤ ያስሩታል፤ ይመቱታል። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ያሉትን በትክክል አልነገርኳቸውም። ከራሱ ነው ብቻ አልኳቸው። ፈርቼ ነው» አለች። ስትጨርስ ትከሻዋ ላይ የነበረው ሸክም ወረደላት፤ ሦስት ሳምንት ያጠራቀመችው አየር ወጣላት። ጥፋቷን ተናግራለች፤ አባቷን አጋልጣለች፤ ወንድሟን ከሞት አውጥታለች። ከዚህ በላይ እኅት ምን ታደርጋለች?

«እኔን አይጠይቁኝም?» አለ ወንድሟ።

ሁለቱም ዞሩ። ዓይኑ በፋሻ ተሸፍኖ ፊቱን ወደ ድምፆቹ አቅንቶ ተቀምጧል። ሐኪሟ ፊቷ ቀላ ያለ ይመስላል፤ ወንበሯን አዙራ ወደ እሱ ቀረበች። «ልክ ነህ። አንተን ነበር መጠየቅ የነበረብኝ። ንገረኝ።» «ጠዋት ጠዋት ወንበር ላይ ያስሩኛል» አለ።

«አባትህ» አለች ሐኪሟ እየጻፈች። አባት በአክብሮት ሲጠራ እንዲህ ነው፤ ያስሩኛል፣ ይመቱኛል ይባላል። እኅትየዋም የሰማችው እንደዚያ ነበር።

«አይደለም፤ ሁለቱም ናቸው» አለ ወንድሟ። «እሳቸው ይስባሉ፤ እሷ ትይዛለች። ከዚያ ሻይ ታጠጣኛለች፤ ከዚያ ወደ ሥራዋ ትሄዳለች። እራት ላይ በማንኪያ ትመታኛለች፤ እሳቸው ካልመቱ እሷ ትመታለች። እሳቸው ሲመቱኝ እናቴን እያነሡ ያለቅሳሉ። እሷ ስትመታኝ ምንም አትልም።» ድምፁ ውስጥ ቁጣ አልነበረም፤ ሐኪሟ ልትጽፈው እንድትችል ቀስ እያለ ነበር የሚናገረው።

እኅትየዋ «ለአንተ ብዬ እኮ» ልትል ነበር። ከንፈሯ አብጦ አልታዘዝ አላት፤ ወይም አልታዘዝ ያላት ሌላ ነገር ነው። ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ሲሄድ ታያለች፤ ስሟ ከአባቷ ስም ሥር ሲጻፍ አየች። «አንቺ ውጭ ጠብቂ» አለቻት ሐኪሟ ቀና ሳትል። ወጣችና በሩን ዘጋች። ኮሪደሩ ውስጥ የጽዳት ሠራተኛዋ ወንበሮቹን እየገለበጠች ጠረጴዛ ላይ ትደረድራለች፤ የምትቀመጥበት ስላልነበረ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ከበሩ ኋላ የወንድሟ ድምፅ ይሰማል። ቃሉ አይለይም። ይናገራል፣ ቆም ይላል፣ ይናገራል። በሕይወቷ ይህን ያህል ሲያወራ ሰምታው አታውቅም።